ወተት ያስከለከለው ወረቀት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አባወራ፥ የሦስት ዓመት ልጃቸው ሰውነቱ ሽፍታ እያወጣ ሌሊት ሲያሳክከው ስለሚያድር፥ በግ ሸጠው ወደ ከተማ ወስደው አስመረመሩት፡፡ «አይ ጂ ኢ ከፍተኛ ነው» የሚል ወረቀት ይዘው ተመለሱ፡፡ አለርጂ አለበት ማለት መስሏቸው ወተትና እንቁላል ከለከሉት፡፡ ወረቀቱን እንዳነብላቸው ባመጡልኝ ጊዜ ልጁ ከስቶ ነበር፡፡

እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ጠይቄ የተረዳሁትን ለወላጆች መጻፍ ይገባኛል፡፡

አይ ጂ ኢ በደም ውስጥ የሚገኝ የሰውነት መከላከያ ነው፡፡ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ፥ ዮሃንሰንና ቤኒክ ደግሞ በስዊድን፥ በ1966 እና በ1967 እ.ኤ.አ. ደረሱበት፡፡ ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው፡፡ አንደኛው ጠቅላላ መጠኑን ብቻ ይለካል፤ ሁለተኛው ግን በላም ወተት፥ በእንቁላል ወይም በሌላ ተለይቶ በታወቀ ነገር ላይ የተነሣውን ለብቻው ይለካል፡፡ የፊተኛው የቡሬን ገበያተኛ ሁሉ እንደ መቁጠር ነው፤ የኋለኛው በርበሬ ሊሸጥ የመጣውን ለይቶ ይቈጥራል፡፡

ይህ መከላከያ በአለርጂ ብቻ አይበዛም፡፡ ወስፋትና የመንጠቆ ትልም እጅግ ያበዙታል፡፡ ባዶ እግሩን በሚሄድ የገጠር ልጅ ደም ውስጥ ጠቅላላው መጠን ከፍ ብሎ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ መገኘቱም አለርጂ የለበትም አያሰኝም፡፡ እንግዲህ በግ ከመሸጡ በፊት በጤና ጣቢያ የሚደረገው የሰገራ ምርመራ ሊቀድም ይገባው ነበር፡፡

ሁለተኛውም ምርመራ ቢሆን ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፡፡ ወተት ጠጥቶ ምንም የማይሆን ልጅ ደሙ በወተት ላይ ተነሥቶ ሊገኝ ይችላል፡፡ ይኸው መከላከያ በቆዳ ላይ በሚፈተንበት ምርመራ፥ ስለ ጅማ ከተማና ገጠር በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ የቤት አቧራ ነቀዝ የፈተና ውጤት በከተማ ሲር ከሚል ትንፋሽ ጋር ተዛምዶ ሲገኝ በገጠር አልተዛመደም፡፡ ስለዚህ ሐኪም አስቀድሞ «ምን በልቶ፥ ከስንት ጊዜ በኋላ፥ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ እናቲቱ ይህን በተማሪ ልጇ እጅ አስጽፋ ብትይዝ ብዙ ወጪ ይቀራል፡፡ (በርበሬ ሲወቀጥ ማስነጠስ እዚህ አይገባም፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እናስነጥሳለን፡፡) ምግብ በልቶ ወዲያው ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ግን ምንም ወረቀት ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ይሮጥበታል፡፡

የዚያ ልጅ ሰገራ ሲመረመር የወስፋት እንቁላል ተገኘ፡፡ ወተት ሲጠጣ ታሞ ያውቅ እንደ ሆነ እናቱ ቢጠየቁ «አንድም ቀን» አሉ፡፡ የሌሊቱ ማሳከክ እከክ ሆኖ ተገኝቶ ቤተ ሰቡ በሙሉ ቅባት ተቀቡ፤ ወተቱም በሐኪሙ ቃል ተመለሰለት፡፡