የብሌድ ሰርቨሮችን ፈርምዌር ለማደስ አስቀድሞ ስለ ማቀድ

ብሌድ ሰርቨሮች በአንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተሰክተው ኤሌክትሪክን፣ ማቀዝቀዣንና የመገናኛ መስመርን የሚጋሩ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ፈርምዌር የሚባለውም በመሣሪያው ክፍሎች ውስጥ ተጭኖ የሚያሠራቸው ትእዛዝ ነው።

እድሳቱ ችላ ቢባል የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ባወጣው ማስታወቂያ፣ ፈርምዌራቸው ከኤችፒዲ8 የቀደመ አንዳንድ ኤስኤስዲ ዲስኮች 32,768 ሰዓት፣ ይኸውም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ እንደ ሠሩ ከነያዙት መረጃ እንደሚጠፉ አስታውቋል። በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ዲስኮች በአንድ ጊዜ ስለሚበላሹ፣ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የመረጃ ማዕከሉ ኃላፊ በቅድሚያ የየክፍሉን የፈርምዌር ቁጥር መመዝገብ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ከአምራቹ መመሪያ ማረጋገጥ፣ የመረጃውንም ቅጂ በሌላ ስፍራ አስቀምጦ መልሶ መነበቡን መፈተን ይገባዋል። ከዚህ በኋላ ሥራ በሚቀንስበት ሌሊት አንዱን ሰርቨር ብቻ አድሶ፣ ደኅና መሥራቱን ሲያረጋግጥ ወደ ቀሩት በየተራ ይለፍ። በእድሳቱ መካከል ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ መሣሪያው ጨርሶ ሊበላሽ ይችላልና የባትሪና የጄኔሬተር ዝግጅት አይዘንጋ። አስቀድሞ የታቀደ የጥቂት ሰዓት ማቋረጥ የድርጅቱን መዝገብ ከማጣት እጅግ ይሻላል።