ዕቃው ከየት እንደመጣ ማን ይነግረናል?

ሱቅ ስንሄድ ሁልጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ነው?» እና «ጊዜው አላለፈበትም?» ብለን ነው። ሌላም ጥያቄ አለ። ያመረተው ገበሬ ተገቢውን ዋጋ አግኝቷል ወይ? ሕፃናት ጉልበታቸው ተበዝብዞበታል ወይ? ደን ተጨፍጭፎበታል ወይ? ይህን ለገዢው እዚያው ሱቅ ውስጥ ለመንገር የተሞከሩ መንገዶችን ባጭሩ እንይ።

አንደኛው ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሆላንድ ውስጥ ማክስ ሃቬላር የሚባል ምልክት በሜክሲኮ ቡና ላይ ተለጠፈ። ዛሬ ፌርትሬድ የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። የገበያ ዋጋ ሲወድቅ የገበሬዎቹ ማኅበር ከተወሰነ ወለል በታች አይከፈለውም፤ በላዩ ላይ ለትምህርት ቤት ወይም ለውሃ የሚያውለው ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንም በዚህ መንገድ ቡና ሸጧል። ምልክቱ ስልክ አይፈልግም፣ በዓይን ይታያል። ግን አንድ ሥዕል ብዙ አይናገርም።

ሁለተኛው ባርኮድ ነው፤ ማለትም ያ ጥቁርና ነጭ መስመር። ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የተነበበው በ1974 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሲሆን ዕቃውም ማስቲካ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ብዙዎቻችን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የተመረተበትን አገር ያሳያሉ እንላለን። አያሳዩም። 616 ማለት ቁጥሩን የሰጠው የኬንያው ቢሮ ነው ማለት ብቻ ነው፤ ዕቃው ሌላ አገር ተመርቶ ሊሆን ይችላል። ስለ ሠራተኛው ደግሞ ምንም አይልም።

ሦስተኛው የእጅ ስልክ ነው። ስልኩ ቁጥሩን አንብቦ ሌላ ቦታ የተቀመጠ መረጃ ያመጣል። በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ጉድጋይድ ለዕቃዎች በጤና፣ በአካባቢና በማኅበራዊ ጉዳይ ነጥብ ይሰጥ ነበር። በ2020 ተዘጋ። ጃፓን ውስጥ በ1994 ለመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ የተሠራው ባለ አራት ማዕዘን ኪውአር ኮድም ዛሬ በየፓኬቱ ላይ አለ፤ ስልኩን ወደ አንድ ገጽ ይመራዋል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኼ ነው፤ መሣሪያው መልእክተኛ ነው እንጂ ምስክር አይደለም። የሚያመጣው ሰው ያስገባውን ብቻ ነው። ገጹን የጻፈው ሻጩ ራሱ ከሆነ፣ ያው ማስታወቂያ ነው። ፌርትሬድ ፍሎሰርት የሚባል መርማሪ ድርጅት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

መምህራንና ወላጆች ባዶ ፓኬት ሰብስባችሁ ከልጆቹ ጋር ሞክሩት። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ማን ጻፈው? ማን አጣራው? ማንበብ የማይችል ወይም ስልክ የሌለው ሰውስ በምን ይወቀው? ሦስተኛውን ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱት።