የአንጀት ሕመምና የመንጋጋ መገጣጠሚያ

እኔ ባደግሁበት በይፋግ መንጋጋውን ያመመው ሰው ወይ ጥርስ ነው ወይ ብርድ ነው ይባላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ደግሞ አሜባ ነው ተብሎ ያልቃል። ልክ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን አንዳንዴ ሁለቱ ከአንድ በሽታ ይመጣሉ፤ ይህን ለማስረዳት ነው የምጽፈው።

ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይትስ የሚባሉት በሽታዎች የሰውነት የመከላከያ ኃይል ልኩን አልፎ አንጀትን ለረጅም ጊዜ ሲያስቆጣ የሚከሰቱ ናቸው። ክሮንስ ስሙን ያገኘው በ1932 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ስለ በሽታው ከጻፈው ከአሜሪካዊው ሐኪም በሪል ክሮን ነው። ታዲያ ቁጣው አንጀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ዓይን፣ ወደ ቆዳ፣ በተለይም ወደ መገጣጠሚያ ይዛመታል። በብዛት የሚጠቃው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው። የመንጋጋው አልፎ አልፎ ነው፤ ግን እሱም እኮ መገጣጠሚያ ነው።

ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት ለፊት አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱ። የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። ሲቆጣ ጠዋት ጠዋት ይገትራል፣ ሲያኝኩ ያማል፣ አፍም እንደ ልብ አይከፈትም። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቱን አቁሞ በጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል። ቀጭ ማለት ብቻውን ግን በሽታ አይደለም። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውም መንጋጋውን ያመዋልና ሁሉን ነገር ከአንጀት ጋር ማያያዝ አይገባም።

ጣጣው ያለው መድኃኒቱ ላይ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መንጋጋውን ቀለል ቢያደርገውም የአንጀቱን ቁስል ሊያባብሰው ይችላል። አንዲት ዘመዳችን ጥርሷን አስነቅላ አልተሻላትም፤ በክኒን ስትገፋ ተቅማጡ ጠናባት። ሁለቱን ሕመም ለአንድ ሐኪም አንድ ላይ የነገረችው ከወራት በኋላ ነው። ለካስ ማንም አልጠየቃትም!

ለሐኪሙም ቢሆን ቀላል አይደለም። በአገራችን የአንጀት ቲቢ አለ፤ ከክሮንስ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አንጀት በካሜራ ታይቶ ናሙና ተወስዶ እንኳ መለየቱ ያስቸግራል። ክሮንስ ነው ተብሎ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት ለቲቢ ሕመምተኛ ብቻውን ቢሰጥ ቲቢው ይስፋፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ሰገራ ይመረመራል፣ ቲቢም ይፈተሻል።

እስከዚያው ቆሎና ጥሬ ሥጋ ይቅር፤ የፎገራ ሩዝ ወይም አጥሚት መንጋጋን ያሳርፋል። በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ መያዝም ይረዳል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። የአንጀቱ ቁጣ በሕክምና ሲበርድ በአንዳንዱ ሰው ላይ የመንጋጋውም አብሮ ይበርዳል፤ አልበርድ ካለ ግን ለብቻው ይታከማል።