ከድመትና ከወፍ ጋር በአንድ ግቢ

አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ዛፍና ከአጥሩ ሥር ትንሽ አፈር የተረፈው ግቢ ነዋሪው ብዙ ነው። ሊነጋጋ ሲል ዋኖስ ቆርቆሮው ላይ ታንጎራጉራለች። ከዚያ ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለለት፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ የሆነው ትልቅ ወፍ በሻካራ ድምፁ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ይህ ወፍ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ነው፤ እኛ ግን ሣር ላይ ትል ሲለቅም በየቀኑ ስለምናየው እንደ ተራ ነገር እናልፈዋለን። እሬት ሲያብብ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው ትንሽዬ የአበባ ማር መጣጭ ወፍ ትመጣለች፤ ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ያንጸባርቃል። ከመስከረም ወዲያ ደግሞ የሰሜኑን ብርድ የሸሹ ሆደ ቢጫ ወፎች ጭራቸውን እየወዘወዙ ሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ። እንሽላሊቱ ከድንጋዩ ካብ፣ እስስቷ ከቁጥቋጦው፣ ጉጉቱ ከትልቁ ዛፍ አይጠፉም።

በዚህ ሁሉ መካከል ውሮ አለች።

ድመት ወደ ሰው ቤት የመጣችው በእህል ምክንያት ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው ማረስና እህል ማከማቸት ሲጀምር ጎተራው አይጥ ሳበ፤ አይጡም የዱር ድመትን ሳበ። የዛሬዋ የቤት ድመት ከዚያ የዱር ድመት እንደምትወለድ በዘረ መል ምርመራ ተረጋግጧል። ያው የዱር ድመት ዛሬም በእኛ አገር ይኖራል። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር አንድ ሰው፣ ከእሱም ግማሽ ሜትር በማይሞላ ርቀት አንዲት ድመት ተቀብረው ተገኝተዋል። በደሴቲቱ በተፈጥሮ የሚኖር የዱር ድመት ስላልነበረ ሰዎች በጀልባ ይዘዋት እንደሄዱ ይታመናል። በውጭ አገር «አቢሲኒያ» የሚባለው የድመት ዝርያም ስሙን ያገኘው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ከእኛ አገር ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ከተባለች ድመት ነው፤ የዘር ምርመራው ግን የሚጠቁመው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የሆነው የድመት ዘረ መል የተወሰደው ሲናሞን ከምትባል የዚህ ዝርያ ድመት ነበር።

ሰውነቷ ከጆሮዋ እስከ ጥፍሯ ለአደን የተሠራ ነው። የሰው ጆሮ የማይሰማውን የአይጥ ግልገሎች ሲርሲርታ ትሰማለች። እኛ ለማየት ከሚያስፈልገን ብርሃን አንድ ስድስተኛው ይበቃታል። ሪዟ በጨለማ የቀዳዳውን ስፋት ይለካላታል፤ ጥፍሯ ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ ኮቴዋ አይሰማም። ጣፋጭ ነገር ግን አትቀምስም፤ ምላሷ ስኳርን የሚለይበት ዘረ መል ተበላሽቶ ቀርቷል። ሥጋ ብቻ ለሚበላ ፍጡር ስኳር ምንም አይደለም።

በአገራችን ድመት ወደ ቤት የምትገባው ለሥራ ነው። «ካበላኋት አይጥ አትይዝልኝም» ሲባል ያልሰማ የለም። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም፤ ድመቷንም ወፎቹንም የጎዳው እሱ ነው። የማደን ፍላጎትና ረሃብ በድመት አንጎል ውስጥ የተለያዩ ናቸው። የጠገበች ድመትም የሚንቀሳቀስ ነገር ካየች ታደባለች። አባቶች «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ያሉት ይህንኑ አይተው ነው። የተራበችዋ ግን የባሰች ናት፤ ቀኑን ሙሉ ታድናለች፣ ከጎጆው ያልወጣውን ጫጩት፣ እንሽላሊቱን፣ እስስቷን አትመርጥም።

ነገሩ በጾም ወራት ይከፋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም፣ ፍልሰታም አሉ። ቤቱ ሲጾም ድመቷም አብራ ትጾማለች፤ የሚደርሳት እንጀራ በሽሮ ነው። የድመት ሰውነት ግን ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ማምረት አይችልም፤ ታውሪን የሚገኘው ደግሞ ከሥጋና ከዓሣ ነው። እጥረቱ የዓይንን ብርሃን እንደሚያጠፋ በ1970ዎቹ፣ የልብን ጡንቻ እንደሚያደክም በ1987 (እ.ኤ.አ.) ታውቋል። ለዓመታት እንጀራና ሽሮ የተሰጣት ድመት ድንገት ስትታወር ሰዎች እርጅና ነው ይላሉ፤ የምግብ ጉድለት ሊሆን እንደሚችል የሚገምት ጥቂት ነው። የጾሙም ሆነ የፍስኩ ወጥ ሌላ ችግር አለው፤ ሽንኩርት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ መብሰሉም መድረቁም መርዝነታቸውን አያስቀርም። ስለዚህ ከወጥ የወጣ ሥጋ እንኳ ለድመት አይመችም። ወተትም ብዙዎቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፤ የሚበጃቸው ንጹሕ ውኃ ነው።

ታዲያ ምን ትብላ? ወጡ ሳይሠራ፣ ቅመም ሳይነካው የሚነሳ ጥቂት ሥጋ፣ ሳንባና ጉበት፣ የዶሮ ልብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እሾሁ የወጣለት ዓሣ። ታውሪን በሚፈላ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ መረቁ አይደፋ፤ አብሮ ይሰጣት። በጾም ወቅት ዓሣ ቤቶች የሚጥሉት ቁርጥራጭ ብዙ ነው። አቅሙ ላለው ደግሞ በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ደረቅ የድመት ምግብ ታውሪን ተጨምሮበታል። የሰው ጾም የሰው ነው፤ እንስሳቱ ላይ የሚጫንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሥጋ መመገብ ለወፎቹም እንደሚበጅ በቁጥር የታየ ነው። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ እህል የሌለበትና የሥጋ ፕሮቲኑ የበዛ ምግብ የበሉ ድመቶች ወደ ቤት ይዘው የሚመጡት አደን በ36 በመቶ ቀንሷል። ባለቤቶቻቸው በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሰዋል። ደማቅ ቀለም ያለው ሰፊ የጨርቅ አንገትጌ የታሰረላቸው ይዘው የመጡት ወፍ በ42 በመቶ አንሷል፤ ወፎቹ ቀለሙን ቶሎ ያዩታል። በየቦታው የሚመከረው ቃጭል ግን የረባ ለውጥ አላመጣም። ለጨዋታው ገንዘብ አያስፈልግም፤ በሲባጎ ጫፍ የታሰረ የዶሮ ላባ ይበቃል፤ መሸትሸት ሲልና ሲነጋጋ፣ እሷ ለአደን በምትነሳበት ሰዓት።

አይጡስ? ድመት ትንሿን አይጥ በሚገባ ትይዛለች፤ ከትልቁ አይጠ መጎጥ ጋር ግን መጋፈጥ አትወድም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ አይጠ መጎጥ በሞላበት ቦታ ለ79 ቀናት በካሜራ ሲቀረጽ ድመቶቹ የገደሉት 2 አይጠ መጎጥ ብቻ ነበር። አይጠ መጎጥን የሚቀንሰው የቆሻሻው በወቅቱ መነሳት፣ የእህሉ ክዳን ባለው ዕቃ መቀመጥና የቀዳዳው መደፈን ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ መርዝ ነው። በድምፅ ማጉያ እየተጮኸ በየመንገዱ የሚሸጠው የአይጥ ማጥፊያ ውስጡ ምን እንዳለ ገዢው አያውቅም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት አይጧን ወዲያው አይገድላትም፤ ለቀናት እየደከመች ትንቀሳቀሳለች። የደከመችዋን የሚይዛት ማን ነው? ድመቷ፣ ጭልፊቱና ጉጉቱ። መርዙም ከእሷ ወደ እነሱ ያልፋል። ጉጉትን ገደቢስ ነው ብለን በድንጋይ እናባርራለን እንጂ ሌሊቱን አይጥ ሲለቅም የሚያድረው እሱ ነው፤ ድምፁን ብንታገሠው ለግቢው ይበጃል።

ድመትን ማታ ማስገባትም ለሁሉም ይጠቅማል። ሌሊት ውጭ የሚጠብቋት የመንደር ውሾችና መኪናዎች ናቸው፤ ወደ እንጦጦ ጥግ ባሉት ሰፈሮች ጅብም አለ። የዛፍ ግንድ ላይ ሰፋ ያለ ለስላሳ ቆርቆሮ መጠምጠም ወደ ጎጆው እንዳትወጣ ይከለክላል። ለወፎች ውኃ የምታስቀምጡ ሰዎች፣ ድመት ከምታደባበት ቁጥቋጦ አርቃችሁ ገላጣ ቦታ ላይ አድርጉት። ነፍሰ ጡር እናት የድመት ዓይነ ምድር አታንሳ፤ ሌላ ሰው በየቀኑ ቢያነሳው ሽሉን የሚጎዳው ተሐዋስ ለመተላለፍ ሳይደርስ ይወገዳል። የማትታወቅ ድመት ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ታስተላልፋለች።

የቀረው ከባዱ ጉዳይ የግልገሎቹ ነው። አንዲት ድመት የምታረግዘው ለሁለት ወር ያህል በመሆኑ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ብዙ ቤት ግልገሎቹን በጆንያ አድርጎ ራቅ ያለ ሰፈር ይጥላል። ከእነዚያ በሕይወት የሚተርፉት ወፍና እንሽላሊት አድነው የሚኖሩ ባለቤት አልባዎች ይሆናሉ። በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ እንደሚገድሉ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ሲገምት፣ አብዛኛውን የሚገድሉት እንዲህ ያሉት ባለቤት አልባ ድመቶች መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ድመት ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ እናቲቱን ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዳችሁ አስመክኗት፤ በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ትከተብ። አስቀድመው የተወለዱ ግልገሎች ካሉም ከሁለት እስከ ሰባት ሳምንት ዕድሜያቸው ድረስ በእጃችሁ አላምዷቸው፤ በዚያ ጊዜ ሰው የለመደ ግልገል የሚወስደው ቤት አያጣም።