የግድያ መጠን በትልልቅ ከተሞች እና የሕዝብ ስጋት

የግድያ መጠን በአንድ ከተማ ወይም አገር በአንድ ዓመት ውስጥ ሆን ተብሎ የተገደሉ ሰዎች ቁጥር ከ100,000 ነዋሪ አንጻር ሲሰላ የሚገኘው ልክ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 458,000 ሰዎች እንደተገደሉ ይገምታል፤ ይህም ከ100,000 ሰው 5.8 ማለት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ መጠን ተመራማሪዎች ከተማን ከከተማ ያወዳድራሉ፤ ፖለቲከኞችም ይወቃቀሱበታል። ይሁንና ሕዝቡ ስለ አንድ ከተማ አደገኛነት የሚያስበውና ቁጥሩ የሚናገረው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ይህ ልዩነት በስፋት የተጠናው በአሜሪካ ከተሞች ስለሆነ ከታች ያሉት ምሳሌዎች ከዚያ የተወሰዱ ናቸው።

አቆጣጠሩ

ከወንጀሎች ሁሉ ለመቁጠር የሚያመቸው ግድያ ነው። የተሰረቀ ሰው ላያመለክት ይችላል፤ የተደበደበ ሰው ደብዳቢው ዘመዱ ከሆነ ዝም ሊል ይችላል። ሬሳ ግን በቀላሉ አይደበቅም፤ ሐኪምም ፖሊስም ይመዘግበዋል። በአሜሪካ ከ1973 ጀምሮ በየቤቱ እየተዞረ የሚካሄደው የወንጀል ተጎጂዎች ጥናት እንደሚያሳየው፣ የኃይል ጥቃት ከደረሰባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ለፖሊስ አይናገሩም። ስለዚህ የአንድን ከተማ ሁኔታ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ከዝርፊያ ወይም ከድብደባ ይልቅ ግድያን ቢመለከት ይሻለዋል። ይህም ቢሆን እንከን አያጣውም። በጥይት የተመታ ሰው መትረፍ አለመትረፉ በአምቡላንሱ ፍጥነትና በቀዶ ሕክምናው ጥራት ላይም ይመሠረታል፤ ጥሩ ሆስፒታል ያለው ከተማ ተኩሱ ሳይቀንስ ግድያው ሊቀንስ ይችላል።

ጥሬ ቁጥርና መጠን መምታታት የለባቸውም። በ2023 በኒው ዮርክ ከተማ 391 ሰዎች፣ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 274 ሰዎች ተገደሉ። ጥሬውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ኒው ዮርክ የባሰች ናት ይላል። ኒው ዮርክ ግን ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲኖራት ዋሽንግተን 700,000 እንኳ አልሞላትም ነበር። ሲሰላ የኒው ዮርክ መጠን ከ100,000 ሰው 5 ገደማ፣ የዋሽንግተን ደግሞ 40 ገደማ ይሆናል።

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) ከ1930 ጀምሮ የወንጀል አኀዝ ከየፖሊስ ጣቢያው ይሰበስባል። በ2021 ወደ አዲስ የአመዘጋገብ ስልት ሲሸጋገር የኒው ዮርክና የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ገና ስላልተዘጋጁ ከመረጃው ቀሩ። የዚያ ዓመት አገር አቀፍ አኀዝ በከፊል በግምት የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሮው ራሱ አኀዙን ለከተሞች ደረጃ ማውጫነት መጠቀም እንደሚያሳስት ደጋግሞ ያስጠነቅቃል፤ ጋዜጦች ግን በየዓመቱ ደረጃ ማውጣታቸውን አልተዉም።

የከተማ ወሰን

ማስጠንቀቂያው ከየት እንደመጣ በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው ሴንት ሉዊስ በደንብ ታሳያለች። በ2020 በከተማዋ 263 ሰዎች ተገደሉ። የሕዝብ ቆጠራው 301,578 ነዋሪ ስለመዘገበ መጠኑ ከ100,000 ሰው 87 ሆነ፤ ይህ ከአገሪቱ ትልልቅ ከተሞች ከከፉት አንዱ ነው። ነገር ግን ሴንት ሉዊስ በ1876 ከዙሪያዋ አውራጃ በሕዝብ ድምፅ ተለይታ ወሰኗ እዚያው ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተስፋፉት ሰፋፊ የመኖሪያ መንደሮች በሙሉ ከወሰኑ ውጭ ናቸው። ከነዙሪያዋ ብትቆጠር ነዋሪዎቿ ከ2.8 ሚሊዮን አያንሱም። በአንጻሩ የፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል በ1968 ከአውራጃዋ ጋር ስለተዋሐደች ጸጥተኛ መንደሮቿ ሁሉ በአካፋዩ ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ ማስቀመጥ የአንዱን ቤት ሳሎን ከሌላው ቤት ሙሉ ግቢ ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

የሴንት ሉዊስ ሐዘን ግን የስሌት ጨዋታ አይደለም። በጠባቡ ወሰን ውስጥ የሞቱት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በ2024 የተገደሉት ወደ 150 ሲወርዱም መጠኑ ከአገሪቱ አማካይ በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ ነበር።

ኒው ዮርክ፦ የፍርሃት ከተማ

የኒው ዮርክ ታሪክ ስምና ቁጥር እንዴት እንደሚለያዩ ለማየት ይረዳል። በ1975 ከተማዋ ለኪሳራ ተቃርባ ፖሊሶችንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ልትቀንስ ተነሣች። የሠራተኞቹ ማኅበራት ለመንገደኞች የሚታደል በራሪ ጽሑፍ አሳተሙ፤ ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል ተሥሎ «እንኳን ወደ ፍርሃት ከተማ መጡ» የሚል ርእስ ነበረው። ጎብኚዎች ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እንዳይገኙ፣ ከማንሃታን እንዳይወጡ፣ የምድር ውስጥ ባቡርንም ፈጽሞ እንዳይሳፈሩ ይመክራል። ግድያው በእርግጥ ብዙ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከ1,600 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ጽሑፉ ግን የደመወዝና የሥራ ትግል መሣሪያ ነበር፤ በሐምሌና በነሐሴ የማንሃታን መሐል ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በሰው የተሞላ መሆኑን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያውቁ ነበር።

ግድያው ጫፍ የደረሰው በክራክ ኮኬይን ዘመን፣ በ1990 ሲሆን የተገደሉት 2,245 ነበሩ። ከዚያ በኋላ በአንዳንድ ዓመታት ከፍ ቢልም በአብዛኛው እያሽቆለቆለ ሄዶ በ2017 ወደ 292 ወረደ። ለምን እንደወረደ እስካሁን ክርክር አለ። አንዳንዱ በ1994 የተጀመረውን ኮምፕስታት የተባለ በየሳምንቱ አዛዦችን በካርታና በቁጥር የሚፈትሽ የፖሊስ አሠራር ያመሰግናል። ሌላው የክራክ ገበያ መክሰሙን፣ የኢኮኖሚውን ማንሰራራት ወይም የእስረኛውን መብዛት ያነሣል። ይሁን እንጂ ፖሊሳቸውን በተለየ መንገድ የመሩ ከተሞችም በዚያው ዘመን መሻሻላቸው ነጠላ ምክንያት የሚሰጠውን ሰው ሁሉ ያስቸግራል።

በ2020 በወረርሽኙ ዓመት በመላው አገሪቱ ግድያ ወደ 30 በመቶ ዘለለ፤ በአንድ ዓመት ይህን ያህል መጨመሩ ከተመዘገቡት ሁሉ የላቀ ነው። በ2021 ኒው ዮርክ ውስጥ 488 ሰዎች ተገደሉ። የከተማዋ መጥፎ ስም ወዲያው ተመለሰ፤ መጠኗ ግን ከ100,000 ሰው ከ6 በታች ሆኖ ከአገሪቱ አማካይ ያነሰ ነበር። በአንጻሩ ትልልቅ ከተሞች የሌሏት የሚሲሲፒ ግዛት በዚያ ዓመት ከክፍለ ግዛቶች ሁሉ ከፍተኛው የግድያ መጠን ነበራት። ገጠሩ የሚበዛበትን ግዛት ግን የፍርሃት አገር ብሎ የሚጠራ አልተሰማም።

ሰው ለምን ከቁጥሩ ተለይቶ ያስባል

ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ተቋም «ወንጀል ካለፈው ዓመት በልጧል ወይስ አንሷል?» እያለ ለአሥርት ዓመታት ጠይቋል። ግድያ ለዓመታት ሲወርድ በኖረበት ጊዜ እንኳ አብዛኛው መላሽ «በልጧል» ይል ነበር። በ2023 ግድያ በአገር ደረጃ ከአሥር በመቶ በላይ ሲቀንስ 77 በመቶው በአገሪቱ ወንጀል ጨምሯል አሉ። በራሳቸው አካባቢ ጨምሯል ያሉት ግን 55 በመቶ ነበሩ። የአገሪቱ ወንጀል እጅግ አሳሳቢ ነው ያሉት 63 በመቶ ሲሆኑ ስለ ገዛ ሰፈራቸው እንዲህ ያሉት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ሰው የራሱን ሰፈር በዓይኑ ያያል፤ አገሩን የሚያየው በሌሎች ወሬ ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን በ1973 እንዳሳዩት፣ ሰው አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚደጋገም የሚገምተው ምሳሌው በቀላሉ ትዝ በሚለው ልክ ነው። አሰቃቂ ግድያ ከአእምሮ አይጠፋም፤ ያልተፈጸመ ግድያ ደግሞ ዜና አይሆንም። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጆርጅ ገርብነር በበኩላቸው ብዙ ቴሌቪዥን የሚመለከቱ ሰዎች ዓለሙን ከሆነው በላይ ክፉ አድርገው እንደሚያዩ ጽፈዋል። ፍርሃቱ ግን ሁሉ ከስክሪን የመጣ አይደለም። የተሰበረ መስኮት፣ የተጣለ ቆሻሻ፣ መብራት የሌለው መንገድ ሰውን ያሰጋሉ፤ ምንም እንኳ በዚያ ሰፈር ማንም ሰው ባይገደልበትም። ጥቃት እምብዛም የማይደርስባቸው አረጋውያን ከሁሉ በላይ እንደሚፈሩ፣ ብዙ የሚገደሉት ወጣት ወንዶች ደግሞ እምብዛም እንደማይፈሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

የከተማ አማካይ የሚሸፍነው ሌላም እውነት አለ። አደጋው እኩል አይከፋፈልም። በሚኒያፖሊስ የተደረገና በ1989 የታተመ ጥናት ለፖሊስ ከተደወሉት ጥሪዎች ግማሹ ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ እንደመጣ አገኘ። በቺካጎም ግድያው በደቡብና በምዕራብ በኩል ባሉ ጥቂት ሰፈሮች ይከማቻል፤ በሐይቁ ዳር በሰሜን የሚኖረው ሰው ከነዚያ ሰፈሮች የሚለየው ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆንም ሕይወቱ ሌላ ነው። በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ ከተገደሉት ከግማሽ በላይ የሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ እነሱ ግን ከሕዝቡ ወደ 13 በመቶ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ «ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለአንዱ ሰፈር እውነት ሲሆን ለሌላው ስድብ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ

ዋሽንግተንና ዙሪያዋ በውጭ ካሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች ትልቁ የሚገኝባቸው ናቸው። በ1991 ከተማዋ ከ470 በላይ ሰዎች ተገድለውባት መጠኗ ከ100,000 ሰው ወደ 80 ደርሶ ነበር፤ «የግድያ ዋና ከተማ» የሚል ቅጽልም ወጥቶላታል። በ1968 ሁከት የተቃጠለው፣ በኋላም የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ የሆነው የዩ መንገድ አካባቢ ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችን ከፈቱበት። በ2012 የከተማዋ ግድያ ወደ 88 ወርዶ ነበር።

በነሐሴ 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዋሽንግተን የወንጀል አስቸኳይ ሁኔታ አውጀው የከተማዋን ፖሊስ በፌዴራል ትእዛዝ ሥር አደረጉ፤ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችንም አሰማሩ። የከተማዋ ባለሥልጣናት ግድያ በ2023 ከነበረበት 274 በ2024 ወደ 187 መውረዱን ጠቅሰው ተቃወሙ። የፖሊስ አኀዝ ተዛብቷል የሚል ክስም ተነሥቶ ነበር፤ ክሱ ለድብደባና ለዝርፊያ አመዘጋገብ ሊያሳስብ ቢችልም የሟቾችን ቁጥር መለወጥ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ሁለቱም ወገን የያዘው አኀዝ ትክክል ነበር፦ ግድያው በአንድ ዓመት ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ቀንሷል፤ ከ100,000 ሰው ወደ 27 የደረሰው የ2024 መጠንም ከአገሪቱ አማካይ አምስት እጥፍ ይበልጥ ነበር።