ከጓደኝነት ወደ ፍቅር፦ ተቀጥላ ድርሰት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» መነሻነት

አንባቢ የወደደውን ልቦለድ ጨርሶ መጽሐፉን ቢዘጋም ገጸባሕርያቱ ከአእምሮው ቶሎ አይወጡም። «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ?» እያለ በሐሳቡ ያስቀጥላቸዋል። ይህ ሐሳብ በጽሑፍ ሲሰፍር በውጭው ዓለም ፋን ፊክሽን ይባላል፤ እኛ እዚህ «ተቀጥላ ድርሰት» እንለዋለን። በዘርፉ አዘውትረው ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ የቅርብ ጓደኛሞች ወደ ፍቅረኛነት መለወጥ ነው። ለምሳሌ የሃሪ ፖተር አንባቢዎች ከሦስቱ ጓደኛሞች ማን ከማን ይጣመር በሚለው ላይ፣ የመጨረሻው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ከመታተሙ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ብዙ ታሪክ ጽፈዋል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የአንድ የቦዲቲ ልጅ የክፍል ሥራ ነው። ተማሪው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በዛብህንና ሰብለወንጌልን ወስዶ፣ ቦዲቲ ውስጥ በእግር አብረው ትምህርት ቤት የሚመላለሱ፣ በአንድ መጽሐፍ የሚያጠኑ የክፍል ጓደኛሞች አድርጓቸዋል። አንድ መምህር «የሰው ድርሰት ነው» ብለው ዜሮ ሰጡት። ፍርዱ ትክክል ነበርን?

መልሱን ለማግኘት በግጭቱ ላይ የደረሰውን ለውጥ መመርመር ያሻል። በሐዲስ ልቦለድ ዋናው መሰናክል ከሁለቱ ልብ ውጭ ነው። በዛብህ የድኻ ልጅ ነው፤ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለወንጌልን ሊያስተምር ነው። ፍቅራቸውን የሚያግደው የትውልድ ደረጃ ነው። በጓደኛሞች ታሪክ ግን እኩልነት አስቀድሞ አለ፤ ከልካይም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ግጭቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይኸውም ያለውን ወዳጅነት የማጣት ፍርሃት ነው። ቀድሞ የተናገረ ሰው እሺታ ቢያጣ ፍቅረኛም ጓደኛም ያጣል።

ተማሪው ይህን ተረድቷል። በእርሱ ታሪክ በዛብህ ደብዳቤ ጽፎ በጋራ መጽሐፋቸው ውስጥ ያኖራል፤ ሰብለወንጌል መጽሐፉን ምንም ሳትናገር ትመልሳለች። አንብባው ይሆን? ሴራው የሚንቀሳቀሰው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ከሐዲስ አልተወሰደም።

ቋንቋውም ሌላ ፈተና ያቀርባል። በአማርኛ ደረጃቸው የተለያየ ሰዎች ሲቀራረቡ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወይም «አንቺ» መሸጋገራቸው ለውጡን ሊያሳይ ይችላል። ጓደኛሞች ግን ከመጀመሪያውም «አንተ»ና «አንቺ» ስለሚባባሉ ደራሲው ይህ መሣሪያ የለውም። «ወዳጅ» የሚለው ቃልም «ወደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ ለጓደኛም ለፍቅረኛም ያገለግላል። ስለሆነም ለውጡን በዝምታ፣ በስም አጠራርና በድርጊት ማሳየት የግድ ይሆናል።

የነበረን ታሪክ ማስፋፋት ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 በ13 ቁጥሮች ብቻ የተነገረውን የንግሥተ ሳባን ጉብኝት «ክብረ ነገሥት» ቀዳማዊ ምኒልክን ጨምሮ ሰፊ ታሪክ አድርጎታል። ለሥራው ዋጋ የሰጠው መነሻውን መዋሱ ሳይሆን በተዋሰው ላይ የጨመረው ነው።

ይህ ሲባል የተማሪው ሥራ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ፊታውራሪው ከታሪኩ ሲወጡ የሐዲስ ማኅበራዊ ሂስ አብሮ ወጥቷል፤ ጉዱ ካሣም የሚሞግተው ሥርዓት አጥቶ ስም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ተቀጥላ ድርሰት ሲመዘን መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፦ ምን ተወሰደ? ምን ተጣለ? በተጣለው ምትክስ ምን ተተካ? የቦዲቲው ልጅ ለሦስተኛው ጥያቄ ግማሽ መልስ ነበረው። ዜሮ ግን ሌላውን ግማሽ እንዲፈልግ የሚጋብዝ ውጤት አይደለም።