የአንድ መኪና ኪራይ፣ የሦስት አምራቾች ድርሻ፦ የጭነት ወጪን በሶፍትዌር ስለ ማከፋፈል
(በቦንጋ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ደረቅ ይመስላል። የጭነት ኢንቮይስ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ወጪው ለየትኛው ምርት፣ በምን መለኪያ ይደልደል የሚለውን ደንብ ይመለከታል። ነገር ግን የካፋ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ በጅማ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ርቀት የኪራዩ አከፋፈል የአምራቹን ትርፍ ሊያተርፍም ሊያጠፋም ይችላል።

ይህን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የማከፋፈያውን ደንብ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። ነገሩን ለማቅለል ስል ወጪው ሁሉ በክብደት እንዲከፈል አደረግሁ። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ ማር ኪሳራ መሆኑን አሳየ፤ ቦርዱም ማር መግዛቱን ሊያቆም ተቃረበ። በስብሰባው ላይ አንድ አዛውንት ንብ አርቢ ተነሥተው፣ «መምህር፣ የእኔ ማር ጥግ ይዞ ነው የሚሄደው፤ መኪናውን የሞላው ኮረሪማው ነው። ታዲያ እኔ የማንን ቦታ ነው የምከፍለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄያቸውን ለማስረጃ በታሰበ ቁጥር እንመልከተው። አንድ መኪና ሙሉውን በ60,000 ብር ተከራይተን 60 ኩንታል ቡና፣ 30 ኩንታል ማርና 10 ኩንታል ኮረሪማ ጫንን እንበል። በክብደት ስናካፍል እያንዳንዱ ኩንታል 600 ብር ይደርሰዋል፤ ቡናው 36,000፣ ማሩ 18,000፣ ኮረሪማው 6,000 ብር ይሸከማሉ። አሁን የያዙትን ቦታ እንለካ። ቡናው 10፣ ማሩ 4፣ ኮረሪማው 6 ሜትር ኩብ ቢይዙ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ 3,000 ብር ይደርሳል። የቡናው ድርሻ 30,000፣ የማሩ 12,000፣ የኮረሪማው 18,000 ብር ይሆናል። የማሩ ወጪ በኩንታል ከ600 ወደ 400 ብር ሲወርድ፣ የኮረሪማው ከ600 ወደ 1,800 ብር ይወጣል። መኪናውም ኪራዩም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ደንቡ ብቻ ነው።

ትክክለኛው የትኛው ነው? መልሱ ወጪውን ባስከተለው ምክንያት ላይ ይመሠረታል። ባለ መኪናው ያስከፈለው በኩንታል ሒሳብ ከሆነ ክብደት ትክክለኛ መለኪያ ነው። መኪናው በሙሉ ተከራይቶ የክብደት ልኩ ሳይደርስ ቦታው ከሞላ፣ የተገዛው ቦታ ነውና በይዘት ይከፈል። ቦታ ሳይሞላ የክብደት ልኩ ከደረሰ ደግሞ ወደ ክብደት እንመለሳለን። የአየር ጭነት ድርጅቶችም ይህንኑ ያውቃሉ፤ በተለመደው አሠራር 6,000 ሴንቲ ሜትር ኩብን እንደ አንድ ኪሎ ቆጥረው፣ ከእውነተኛው ክብደት ጋር አነጻጽረው፣ በሚበልጠው ያስከፍላሉ።

ስለዚህ ሶፍትዌሩን ስናዋቅር የመጀመሪያው ሥራ ኢንቮይሱን በየመስመሩ መለየት ነው። ኪራዩ በክብደት ወይም በይዘት፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ በጆንያ ቁጥር፣ ኢንሹራንስ በዋጋ ይከፈል። ኪራይን በዋጋ ማካፈል ግን አይገባም፤ የቡና ዋጋ በጨመረ ቁጥር በዚያው መኪና፣ በዚያው መንገድ የቡናው ኪራይ የጨመረ ያስመስላልና።

ሁለተኛ፣ ልዩ ደንብ ከጠቅላላ ደንብ እንዲቀድም ቅደም ተከተሉን እንወስን። ሦስተኛ፣ የጆንያው ቁጥር ወይም ይዘቱ ያልተሞላ ኢንቮይስ በግምት አይደልደል፤ መረጃው እስኪሟላ በጊዜያዊ መያዣ ሂሳብ ይቆይ። አራተኛ፣ 10,000 ብር ለሦስት እኩል ሲካፈል የምትቀረዋ አንድ ሳንቲም የምታርፍበትን አስቀድመን እንወስን፤ የድርሻዎቹ ድምር ከኢንቮይሱ ጋር ካልገጠመ ሂሳቡ አይዘጋም። አምስተኛ፣ እያንዳንዱ ደንብ የሚጸናበት ቀን ይኑረው፤ አዲስ ደንብ የተዘጋውን ዓመት ሂሳብ እንዳይነካ።

ለአካባቢያችን የተለየ ጥንቃቄም አለ። ከዴቻ ወይም ከጨና ወደ መፈልፈያ የሚመጣው ጀንፈል ሲፈለፈል ክብደቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለጀንፈሉ በኩንታል 200 ብር ከተከፈለ፣ በተፈለፈለው ቡና ላይ የሚያርፈው 400 ብር አካባቢ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን መለወጫ ካልተነገረው የቡናውን ወጪ በግማሽ አሳንሶ ያሳየናል።

የወጪው መደብም መለየት አለበት። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 አማካይነት በአገራችን ሥራ ላይ እየዋለ ካለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መካከል ስለ ክምችት የሚደነግገው ቁጥር 2፣ ዕቃን ወደ ማከማቻው ለማድረስ የሚወጣ የማጓጓዣ ወጪን ከክምችት ዋጋ ጋር ይደምራል፤ የመሸጫ ወጪን ግን ከዚያ ያስወጣል። ስለዚህ ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ ማከማቻ ያለው ኪራይ በክምችት፣ የተሸጠውን ቡና ለገዥው ለማስረከብ እስከ ጅቡቲ የሚከፈለው ደግሞ በመሸጫ ወጪ ይመዘገባል።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ደንቡ ሲታረም ማር አትራፊ ሆኖ ተገኘ፤ ቦርዱም መግዛቱን ቀጠለ። የኮረሪማ አምራቾች ግን ተከፉ። በእነርሱም ፊት ቆሜ የቀደመው ሂሳብ የሌላውን ገንዘብ ወደ እነርሱ ያሻገረ እንደ ነበር ማስረዳት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ፤ ደንቡን ወደ ሶፍትዌር ከማስገባቴ በፊት ጭነቱ ሲጫን ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያም ከፋዮቹ ሁሉ በተገኙበት ጉባኤ ቁጥሩን በሰሌዳ ላይ ጽፌ አሳያለሁ።

ውድ ተማሪዎች፣ ኮምፒዩተሩ ያዘዝነውን በትክክል ያሰላል፤ ያዘዝነው ፍትሐዊ መሆኑን ግን አይጠይቅም። ያን መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።